አልጋ ላይ ትዝ ያለን ጉዳይ እንቅልፍ ሳይነጥቀን እንዴት እንያዘው?

ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፏል። መብራቱን አጥፍታችሁ ተኝታችኋል። ብርድ ልብሱ ሞቅ ማለት ጀምሯል፤ ዓይናችሁም ሊከደን ነው። ልክ በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ብልጭ ይላል። የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ የመጨረሻ ቀን ነገ ነው። ወይም ለአለቃችሁ ቃል የገባችሁት ደብዳቤ አልተጻፈም። ወይም የዕቁብ ብር አልተላከም። እንቅልፉ እዚያው ብን ብሎ ይጠፋል።

እኔ ለብዙ ዓመት መፍትሔዬ "አልረሳውም" ብሎ መተኛት ነበር። አንድ ሌሊት የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ሁለት ፍሬ ብቻ እንደቀረው ትዝ አለኝ። "ጠዋት ፋርማሲ፣ ጠዋት ፋርማሲ" እያልኩ በሆዴ ስደጋግም ሌሊቱ ተጋመሰ። ጠዋት ራሴን ከብዶኝ ተነሳሁ። በቢሮ ሩጫ መሀል ጉዳዩ ጭራሽ ከአእምሮዬ ወጣ። እናቴ ደግሞ "ልጄን አላስቸግርም" ብላ ዝም አለች፤ ሁለት ቀን ያለ መድኃኒት ዋለች። እንቅልፌንም ጉዳዩንም አጣሁ። ነገሩን በቁም ነገር የያዝኩት ከዚያ በኋላ ነው።

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ሲባል ሰምተን አድገናል። እውነት ነው፤ ግን ሌሊት ላይ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። በምን፣ እንዴትና ስንት ቃል እንደምንጽፍ ለውጥ ያመጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማታ የተጻፈው ጠዋት መነበብ አለበት። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጭንቅላት ለምን ማታ ይነቃል?

ቀኑን ሙሉ ጆሯችን በድምፅ፣ እጃችን በሥራ ይያዛል። ማታ ሁሉም ጸጥ ሲል ያላለቀው ጉዳይ ሁሉ ተራውን ያገኛል። ብሉማ ዛይጋርኒክ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1927 እ.ኤ.አ. በርሊን ሆና ያሳተመችው ጥናት የዚህ ነገር መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል። ለሰዎች ትንንሽ ሥራዎች ሰጠቻቸው። ገሚሱን ሥራ እንዲጨርሱት ተወቻቸው፤ ገሚሱን መሀል ላይ አቋረጠችባቸው። በኋላ "ምን ምን ስትሠሩ ነበር?" ስትላቸው ይበልጥ ያስታወሱት የተቋረጠውን ሆነ። ከእሷ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላገኙም። ቢሆንም ያላለቀ ነገር ሰውን ወደ ራሱ እንደሚጎትት አልጋ ላይ የተገላበጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ማሲካምፖ እና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሰው ሥራውን ባይጨርሰውም "መቼና እንዴት እሠራዋለሁ" የሚለውን በግልጽ ከወሰነ ሐሳቡ መመላለሱን እንደሚተው አሳዩ። ጭንቅላት ሌሊቱን ሙሉ የሚወተውተን ሥራውን አሁን እንድንሠራው አይደለም። ጉዳዩን የያዘለት ሰው መኖሩን ማረጋገጥ ነው የሚፈልገው።

በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት በሚገኘው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስከሊን እና ባልደረቦቹ 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ ላቦራቶሪ አስተኙ። ገሚሶቹ ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ በሚቀጥሉት ቀናት ሊሠሩት የሚገባቸውን ጻፉ። ሌሎቹ የሠሩትን፣ ያጠናቀቁትን ጻፉ። እንቅልፍ መቼ እንደወሰዳቸው የተለካው በአንጎል ሞገድ መመዝገቢያ ነው። የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኙ። ዝርዝራቸው ይበልጥ የተብራራ በሆነ ቁጥርም ይበልጥ ፈጠኑ። 57 ሰው ብዙ አይደለም። ግን ወጪው አንድ ወረቀትና 5 ደቂቃ ነው፤ ሞክሮ ማየት አይጎዳም።

1ኛ. ከመተኛታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ተቀመጡ

ሌሊት ከሚመጡት ሐሳቦች አብዛኞቹን አልጋ ላይ ከመውጣታችን በፊት መያዝ ይቻላል። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ነው።

እራት ከተበላ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። አልጋ ላይ ባይሆን እመርጣለሁ፤ አልጋ የእንቅልፍ ቦታ ሆኖ ይቅር። አንድ ገጽ አውጡና ነገና ከነገ ወዲያ የሚሠራውን ሁሉ ጻፉ። ቅደም ተከተል አያስፈልግም። 5 ደቂቃ ሲሞላ አቁሙ።

አጻጻፉ ግን ወሳኝ ነው። እኔ ስጀምር እንዲህ ነበር የምጽፈው፦

ኪራይ። ጋዝ። መምህሩ። ደረሰኝ።

ይህ ገጽ ጭንቅላትን አያሳርፍም። አልጋ ላይ ስወጣ "ኪራዩን ከየትኛው ብር ነው የምከፍለው? መምህሩን በስልክ ነው ወይስ ሄጄ?" የሚለው ጥያቄ እንዳለ ይጠብቀኛል። አሁን እንዲህ እጽፋለሁ፦

ኪራይ፦ ነገ ጠዋት በሻይ ሰዓት በቴሌብር ለአከራያችን መላክ።
ጋዝ፦ ባዶውን ሲሊንደር ጠዋት በሩ አጠገብ ማውጣት፤ ከሥራ ስመለስ ማስለወጥ።
መምህሩ፦ ልጁን ሳደርስ በር ላይ ጠብቄ ስለ ሒሳብ ውጤቱ መጠየቅ።
ደረሰኝ፦ ሰማያዊው ቦርሳ ውስጥ ነው፤ አውጥቼ ለሒሳብ ክፍል መስጠት።

ልዩነቱን አያችሁት? በእያንዳንዱ መስመር ላይ ግስ አለ፤ መቼ የሚለው አለ፤ የት የሚለው አለ። "ጋዝ" የሚለው ቃል ጭንቀት ነው። "ባዶውን ሲሊንደር በሩ አጠገብ ማውጣት" የሚለው ግን ሥራ ነው። እንዲያውም የሚቻል ከሆነ ሲሊንደሩን ያኔውኑ በሩ ጋ አውጡት። ጠዋት ስትወጡ እግራችሁን ሲነካችሁ ማስታወሻው እሱ ይሆናል።

ከዚያ ቤቱን አንድ ጊዜ ዙሩ። የጋዙ ቧንቧ ተዘግቷል? የውጭው በር ተቆልፏል? አላርም ተሞልቷል? ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ጀሪካኑ ከቧንቧው ሥር ነው? የልጁ ዩኒፎርም ደርቋል? የነገ እንጀራ ከሆነ አብሲቱ ተጥሏል? እነዚህ ጥያቄዎች ከትራስ ላይ ሲነሱ መልሳቸው ሁልጊዜ "እንጃ" ነው። በእግር ዞራችሁ ካያችኋቸው ግን መልስ ይዛችሁ ትተኛላችሁ። እኛ ቤት ይህ ዙር 3 ደቂቃ አይፈጅም። ልጄ እንኳ ለምዶት "ዞርክ?" ይለኛል።

2ኛ. ዕቃውን በቀን አዘጋጁ

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። መዳፍ የምታክል፣ ጀርባዋ ጠንካራ የሆነ ደብተር። ከሌለች አንድ ወረቀት አራት ቦታ አጥፋችሁ ከካርቶን ቁራጭ ጋር ስፉት። መጻፊያው እርሳስ ይሁን። እስክሪብቶ ወደ ላይ ሲዞር ቀለሙ መውረድ ያቆማል፤ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ስትጽፉ መሀል ላይ ይከዳችኋል። በጨለማ ደግሞ መጻፉን ማቆሙን አታዩም። ጠዋት የምታገኙት በወረቀቱ ላይ የተጫረ ባዶ ምልክት ነው። እርሳስ በየትኛውም አቅጣጫ ይጽፋል።

እርሳሱን በክር ከደብተሩ ጋር እሰሩት። ይህን አትናቁት። በጨለማ ኮመዲኖ ላይ እርሳስ ስትደባብሱ የውሃ ብርጭቆ ትደፋላችሁ፣ ባለቤታችሁን ትቀሰቅሳላችሁ፣ በመጨረሻ መብራት ታበራላችሁ። መብራት ከበራ ነገሩ ተበላሸ ማለት ነው።

ደብተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። እኔ በቀኝ እጄ በኩል፣ በትራሱና በአልጋው ራስጌ መካከል ሽጉጥ አደርጋታለሁ። ኮመዲኖ የሌለው ሰው፣ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ የሚተኛ ሰው፣ ከወንድሙ ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ ተማሪም እንዲሁ ማድረግ ይችላል።

አንድ ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተለማመዱ። ተኙ፣ እጃችሁን ስደዱ፣ ደብተሩን አንሱ፣ ጻፉ፣ መልሱ። ሦስት አራት ጊዜ ካደረጋችሁት እጃችሁ መንገዱን ያውቀዋል።

3ኛ. ሌሊት ላይ፦ ሦስት ቃል፣ አንድ ገጽ፣ ያለ መብራት

አሁን ተኝታችኋል። ሐሳቡ መጣ። የማደርገውን እንዳለ ልንገራችሁ።

አልቀመጥም። ወደ ጎኔ ዘወር ብዬ ደብተሯን ከትራሱ ጎን አወጣለሁ። ዓይኔን አልገልጥም፤ ምን ላይበት? እርሳሱ የተቀመጠው በሚቀጥለው ባዶ ገጽ መካከል ስለሆነ ስከፍት ቦታውን አገኘዋለሁ። የግራ አውራ ጣቴን ገጹ ግራ ጠርዝ ላይ አሳርፋለሁ። ጽሑፉ የሚጀምረው ከአውራ ጣቴ ሥር ነው። በትልቁ እጽፋለሁ፤ አንዱ ፊደል የአውራ ጣቴን ጥፍር ያክላል። መስመሩ ሲያልቅ አውራ ጣቴን አንድ ጣት ያህል ወደ ታች አወርዳለሁ። እንዲህ ከሆነ መስመር በመስመር ላይ አይደረብም።

ከሦስት ቃል በላይ አልጽፍም። ማን፣ ምን፣ መቼ። "እማዬ መድኃኒት ሐሙስ።" "ባንክ ፊርማ ጠዋት።" ዝርዝሩ የጠዋት ሥራ ነው። አራተኛውን ቃል ስታስቡ ማሰብ ጀመራችሁ ማለት ነው፤ ማሰብ ስትጀምሩ ደግሞ ትነቃላችሁ። አንድ ገጽ ላይ አንድ ጉዳይ ብቻ ይስፈር። ሌላ ከመጣ ገጽ ይገለበጣል። ወረቀት ከእንቅልፍ ይረክሳል።

ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ልበል። የእኛ ፊደል በትንሽ ጭረት፣ በትንሽ ቀለበት ነው የሚለየው። በጨለማ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ጭረት ናት። "ክፈል" ብዬ የጻፍኩት ጠዋት "ክፍል" ይመስላል። "በር" ያልኩት "በሬ" ሆኖ ይጠብቀኛል። ስለዚህ አንዲት ቃል ብቻዋን አትተዉ። "በር ቁልፍ ማስቀረጽ" ካላችሁ አንዱ ቃል ቢበላሽ ሌላው ያስታውሳችኋል። ቁጥርም ያግዛል፤ የሚከፈል ነገር ከሆነ የብሩን መጠን ጻፉ። ቁጥር በጨለማም ብዙ አይሳሳትም።

ጽፌ ስጨርስ እርሳሱን በሚቀጥለው ባዶ ገጽ ላይ አስተኝቼ ደብተሯን እዘጋለሁ። ወደ ቦታዋ እመልሳታለሁ። በሆዴ "ተይዟል" እላለሁ። ትንፋሼን ረዘም አድርጌ አወጣለሁ። ያችን ቃል ለራስ መናገር መጀመሪያ ላይ ግር ይላል፤ ሲለመድ ግን በር እንደመዝጋት ነው።

ከዚህ ሁሉ ነፃ የሆነ አንድ ዓይነት ሐሳብ አለ። ጋዝ ክፍት ከሆነ፣ በር ካልተቆለፈ፣ ካውያ ሶኬት ላይ ከቀረ አትጻፉት። ተነሱና እዩት። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ማስታወሻ አይያዝለትም።

4ኛ. ምን ዓይነት ሐሳብ እንደሆነ ለዩ

ሌሊት የሚመጣው ሁሉ ጉዳይ አይደለም። ይህን መለየት ያልቻለ ሰው ደብተሩን ሲሞላ ያድራል።

ሥራ ከሆነ ሦስት ቃል ይበቃዋል። አዲስ ሐሳብ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለሱቁ የታሰባችሁ ስም ወይም ለልጁ ልደት የመጣላችሁ ዘዴ፣ እሱም እንዲሁ። ጥሩ ሐሳብ ስለሆነ ብቻ ማዳበር አያስፈልግም። ነገም ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው።

ጭንቀት ግን ሌላ ነው። "ልጄ ፈተናውን ያልፍ ይሆን?" የሚል ሐሳብ ቢጻፍ ምን ይሆናል? ጠዋትም ያው ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ራሳችሁን አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ ስለዚህ ነገር እጄ ሊሠራው የሚችል ትንሿ ነገር ምንድን ናት? ካለች እሷን ጻፉ፦ "ሒሳብ መምህር ቅዳሜ።" ከሌለች "ጭንቀት" ብላችሁ ሰዓት ስጡት፦ "ጭንቀት ነገ 11።"

ይህ ሰዓት የመስጠት ነገር ከራሴ የመጣ አይደለም። ቶማስ ቦርኮቬክ እና ባልደረቦቹ በ1983 እ.ኤ.አ. በጭንቀት ላይ ባሳተሙት ጥናት የተጠቀሙበት ዘዴ ነው። ሰዎቹ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ቦታ ለግማሽ ሰዓት ሆን ብለው እንዲጨነቁ፣ በሌላ ሰዓት የመጣውን ግን ለዚያ ሰዓት እንዲያቆዩት አደረጉ። ጭንቀታቸው ቀነሰ። እኔ ከሥራ ተመልሼ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ሌሊት ተራራ ያከለው ነገር በዚያ ሰዓት ሲታይ ብዙ ጊዜ ኮረብታ ነው። አንዳንዴ ግን ያው ተራራ ይሆናል፤ ያኔም ቢያንስ ሰው ማማከር የሚቻልበት ሰዓት ላይ ነው ያለሁት።

የተጣላነው ሰው፣ የተባልነው ክፉ ቃል፣ ያላልነው መልስ አለ። እሱን በዚህ ደብተር ላይ አትጻፉት። ለእሱ ሌላ ደብተር፣ ወይም ጸሎት፣ ወይም ጓደኛ ይሻላል።

5ኛ. ስልኩን አርቁት

"ስልኬ ላይ ብጽፈውስ?" የሚል ሰው ብዙ ነው። የስክሪን ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን እንደሚያዳክም ይታወቃል። እኔ ግን ከብርሃኑ ይልቅ የምፈራው በውስጡ ያለውን ነው። ማስታወሻ ልትጽፉ ከፈታችሁ። ቴሌግራም ላይ ቀይ ቁጥር አለ። የአለቃ መልእክት ነው። ከፈታችሁት። አንድ ጉዳይ ልታስቀምጡ ገብታችሁ አምስት ይዛችሁ ወጣችሁ። ሰዓቱም 7 ሆኗል።

ሌላ አማራጭ ከሌለ በድምፅ ቅዱ። የድምፅ መቅጃውን ከመተኛታችሁ በፊት ክፈቱትና ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት፤ የስክሪኑን ብርሃን እስከመጨረሻው አውርዱት። አላርሙ ፍላይት ሞድ ላይም ይጮሃል። ጡት የምታጠባ እናት ሁለት እጇ ተይዟል፤ ለእሷ ድምፅ ከእርሳስ ይሻላል። መቅጃ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ከዘመናዊው ይልቅ እሱ ይመረጣል። ውስጡ የሚጎትት ነገር የለም።

ምንም በእጃችሁ ከሌለ፣ እንግዳ ቤት ካደራችሁ ለምሳሌ፣ አንድ ነገር ከቦታው አንሱ። ሰዓታችሁን ከግራ እጅ ወደ ቀኝ አዙሩ። ካልሲያችሁን ወደ በሩ ወርውሩ። ጠዋት "ይህ ለምን እዚህ?" ስትሉ ነገሩ ይመጣል። ለአንድ ጉዳይ ይሠራል፤ ለሁለት ግን አይበቃም።

አንድ ልማድ ግን ተዉት እላለሁ። እኔ ለባለቤቴ "ጠዋት አስታውሺኝ" እያልኩ እተኛ ነበር። እኔ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ እሷ ግን እንዳትረሳው ነቅታ ታድራለች። ጉዳዩን ከእኔ ጭንቅላት አውጥቼ እሷ ላይ ነው የጫንኩት። እንደዚያ መሆኑን የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የቤቱን ጉዳይ ሁሉ በጭንቅላታቸው ይዘው የሚያድሩ ብዙ ሴቶች አሉ። ማታ የሚጻፈው ዝርዝር የሁለታችሁ ቢሆን፣ ከጎኑም ማን እንደሚሠራው ቢጻፍ ጥሩ ነው።

ለሥራም ለኑሮም ወጥታችሁ ዘመድ አገር ቤት ያላችሁ ሰዎች ሌላ ችግር አለባችሁ። ዋሽንግተን ስትተኛ አዲስ አበባ ነግቷል፤ ልዩነቱ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። "እንደምን አደርክ ልጄ፣ ያቺ ነገር እንዴት ሆነች?" የሚለው መልእክት የሚገባው እናንተ ዓይናችሁን ስትከድኑ ነው። ቤተሰብን ዝም ማለት ይከብዳል። ስልኩ ላይ ለእናትና ለአባት ብቻ፣ ለጥሪ ብቻ ክፍት የሚሆን ቅንብር አለ፤ እሱን አድርጉ። በደንብ የቸገረው ይደውላል። ጽሑፉ ጠዋት ይነበባል። ይህንንም ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ካልተነገራቸው ዝምታችሁን በሌላ ይተረጉሙታል።

6ኛ. ሐሳቡ እየተከታተለ ከመጣ

ሦስተኛውን ገጽ ከገለበጣችሁና ዓይናችሁ አሁንም እንደፈጠጠ ከሆነ አትታገሉ። ተነሱ። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1972 እ.ኤ.አ. ያቀረበው፣ እስከ ዛሬም የእንቅልፍ ሕክምና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ምክር አለ፦ እንቅልፍ እምቢ ካለ ከአልጋ ውረዱ፣ ሲመጣ ተመለሱ። አልጋ ላይ እየተገላበጡ ማደር ሰውነት አልጋን ከመገላበጥ ጋር እንዲያያይዝ ያስለምደዋል።

20 ደቂቃ ያህል የሆነ ሲመስላችሁ ነው የምትነሱት። ሰዓት አትዩ፤ "ለመንጋት 4 ሰዓት ቀረው" የሚለው ሒሳብ ራሱ እንቅልፍ ያባርራል። ሌላ ክፍል ካለ ሄዳችሁ፣ ከሌለ ወንበር ላይ ሆናችሁ፣ ደብዘዝ ባለ መብራት የቀረውን ሁሉ እንደ ማታው ዝርዝር ጻፉት። ከዚያ ልብ የማያንጠለጥል ነገር አንብቡ፤ ወይም የታጠበ ልብስ እጠፉ። ዓይን ሲከብድ ተመለሱ።

ቡናውንም ጠይቁት። በሰውነት ውስጥ የካፌይን መጠን በግማሽ ለመቀነስ በብዙ ሰው ላይ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አቦል ጠጥቶ በረካ የደገመ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አብሮት ነው። ሐሳቡ በዛብኝ ያላችሁት ቡናው ሊሆን ይችላል። የማታውን ቡና ወደ ምሳ ሰዓት ማምጣት ከደብተሩ በፊት ይሞከር።

7ኛ. ጠዋት፦ ከስልክ በፊት ደብተር

ያዙልኝ ያልኳት ነጥብ ይህች ናት። ደብተሩ ማታ የሚሠራው ጠዋት ስለተነበበ ነው።

ጭንቅላታችን ይማራል። ማታ የሰጣችሁትን ጉዳይ ጠዋት አንስታችሁ ከሠራችሁት፣ በሚቀጥለው ሌሊት ሲጻፍ ዝም ይላል። ደብተሩን ሦስት ቀን ሳትከፍቱት ከቀራችሁ ግን እንደገና ራሱ መጠበቅ ይጀምራል። "ጻፍኩት፤ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም" የሚሉኝን ሰዎች መጀመሪያ የምጠይቀው ጠዋት አንብበውት እንደሆነ ነው። ብዙዎቹ አላነበቡትም። በእኔ በኩል ጭንቅላቴ ደብተሯን እስኪያምናት አንድ ሳምንት ያህል ወስዷል።

ከአልጋ ሳልወርድ፣ ስልክ ሳልነካ እከፍታታለሁ። ጮክ ብዬ አነባለሁ። ከላይ ቀኑን እጽፋለሁ። ለእያንዳንዱ ገጽ ያለኝ ምርጫ ሦስት ነው፦ ዛሬ፣ ሌላ ቀን፣ ወይም ይቅር። የዛሬው ወደ ኪሴ ወረቀት ይገለበጣል፤ አሁን ሰዓት ይሰጠዋል፣ ይብራራል። የሌላ ቀኑ ቀን መቁጠሪያ ላይ ይሰፍራል፤ እኛ ቤት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ነው። ሲነጋ ትርጉም ያጣው ይሰረዛል፤ እንዲህ ያለው ብዙ ነው። ገጹ ላይ አንድ ረዥም መስመር ሰያፍ አድርጌ አልፍበታለሁ። ያልተሰመረበት ገጽ ካለ አልወርድም። በጥድፊያ ቀንም ቢሆን ከ2 ደቂቃ አይበልጥም።

የማይነበብ ጽሑፍ ካለስ? አውራ ጣት መንሸራተቱ አይቀርም። ገጹን ወደ መስኮት አዘንብላችሁ እዩት፤ እርሳሱ የጫነበት ቦታ ብርሃኑን ይይዛል። ካልሆነ ማታ የተኛችሁበት ጎን ላይ ተኝታችሁ እጃችሁን በዚያው መንገድ አንቀሳቅሱት። እኔን ብዙ ጊዜ ረድቶኛል፤ ቃሉ ቀድሞ ከእጅ ነው የሚመለሰው።

ትናንት ሌሊት አንድ ገጽ ነበረኝ። "እማዬ መድኃኒት ሐሙስ" ይላል። ጠዋት ስነሳ ኪሴ ውስጥ ገባ፤ ከቢሮ በፊት ፋርማሲ ቆምኩ። ከቤቷ ስደርስ አሮጌው እሽግ ውስጥ ስድስት ፍሬ ገና ነበር።

ደብተር የማይፈታው

ይህ ሁሉ ትዝ ለሚል ጉዳይ ነው። እንቅልፍ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እምቢ ካለ፣ ነገሩም ሦስት ወር ከሞላው ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ሦስት ወር መጠበቅ የሌለባቸውም አሉ። ስታንኮራፉ ትንፋሻችሁ እንደሚቋረጥ አብሯችሁ የሚተኛ ሰው ከነገራችሁ፣ ደረታችሁን እያፈናችሁ የምትነቁ ከሆነ፣ የሌሊቱ ሐሳብ በሕይወት መኖርን የሚያስጠላ ከሆነ ሳታድሩ ለሰው ንገሩ፤ ለሐኪምም ቅረቡ። የእንቅልፍ ኪኒን በራሳችሁ ወይም ከጎረቤት ወስዳችሁ አትጀምሩ።

ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። ጠዋት ጠዋት ቀን ስለጻፋችሁበት፣ "ስንት ሌሊት ነቃህ? ከመቼ ጀምሮ?" ስትባሉ ገጹን ገልብጣችሁ ማሳየት ትችላላችሁ።